ሁለት ግሬፕፍሩት ያስነሱት አድማ

ሐሙስ፣ ጁላይ 19 ቀን 1984። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1976። ቦታው የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን፣ ሄንሪ ስትሪት በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ያለ ደንስ ስቶርስ የተባለ ሱፐርማርኬት። አንዲት ደንበኛ የገዛችውን ይዛ ካሸሯ ጋ ደረሰች። ከዕቃዋ መሃል ሁለት ግሬፕፍሩት አለ። «አውትስፓን» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል፤ የደቡብ አፍሪካ ምርት ነው ማለት ነው። ካሸሯ ሜሪ ማኒንግ ትባላለች፣ የ21 ዓመት ልጅ። የእነዚህን ሁለት ፍሬዎች ሒሳብ እንደማትቀበል ተናገረች። አለቆቿ ቢሮ አስጠሯት። አሁንም አሻፈረኝ አለች። ከሥራ ታገደች። የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ የነበረችው ካረን ጊሮን እና ሌሎች ባልደረቦቿ ይህን ሲሰሙ ሥራቸውን ትተው ተከትለዋት ወጡ።

በአጠቃላይ አሥር ያህል ሰው ነው። ከአንድ ወንድ በቀር ሁሉም ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልራቁ። ቆየት ብሎ ከሌላ ቅርንጫፍ አንድ ወጣት ብቻውን ሥራውን ጥሎ ተቀላቀላቸው። ሲወጡ ነገሩ በሳምንት በሁለት ሳምንት የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ፈጀ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የአንዲት ደፋር ልጅ ታሪክ ሆኖ ነው። ደፋርስ ነች። ግን እንደዚያ ብቻ ከተነገረ ዋናው ነገር ያመልጠናል። ማኒንግ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ያን ቀን ስለ አፓርታይድ የምታውቀው ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። አንብባ፣ ተቆጥታ፣ ለሊቱን ሙሉ አስባበት አይደለም እምቢ ያለችው። የማኅበሯን ውሳኔ ነው ያከበረችው። ኢዳቱ የሚባለው የሱቅና የቢሮ ሠራተኞች ማኅበር በዚያው ዓመት ባደረገው ጉባኤ፣ አባላቱ የደቡብ አፍሪካን ዕቃ በእጃቸው እንዳይነኩ ወስኖ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ በየጉባኤው ይወሰናል፣ ይጨበጨባል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የደንስ ስቶርስ ልጆች ግን ወረቀቱን እንደ ወረቀት አላዩትም። ከአሠሪያቸው ጋርም ድሮውንም አይስማሙም ነበርና ማኅበሩ ያለውን ለማድረግ ሁለት ጊዜ አላሰቡም።

ስለዚህ መነሻው የሥራ ቦታ እልህ ነው ብል አልተሳሳትኩም። የዓለም አቀፍ አጋርነት ሲባል ግን ሁላችንም የምንጠብቀው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ዕውቀት፣ ከዚያ ስሜት፣ ከዚያ ተግባር። እዚህ ተግባሩ ቀደመ። ዕውቀቱ ደጅ ላይ ቆመው እያለ መጣ።

ይዞት የመጣውም ኒምሮድ ሴጃኬ ነው። ይህን ሰው ከአየርላንድና ከደቡብ አፍሪካ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ዋና ተዋናይ እሱ ነው። ሴጃኬ ደቡብ አፍሪካዊ የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ ነበር። በ1956 በተጀመረው የአገር ክህደት ክስ ከማንዴላ ጋር ከተከሰሱት 156 ሰዎች አንዱ ነው። ከአገሩ ተሰድዶ ብዙ አገር ዞሮ፣ በእርጅናው አየርላንድ ውስጥ በስደተኝነት ይኖር ነበር። አድማውን ሲሰማ ሄንሪ ስትሪት መጥቶ አብሯቸው ቆመ። ንግግር አድርጎ፣ ፎቶ ተነስቶ አልሄደም። ተመላልሶ መጣ። ጥቁሮች ሁልጊዜ እንዲይዙት ይገደዱበት ስለነበረው የይለፍ ወረቀት ሕግ ነገራቸው፣ ጥቁር ሠራተኛ እንዴት እንደሚኖር፣ ያቺ ግሬፕፍሩት በማን ጉልበት ተለቅማ እንደመጣች። ማኒንግና ጓደኞቿ አድማውን የጀመሩት ማኅበሩ ስላለ፣ የቀጠሉት ግን በሴጃኬ ምክንያት እንደሆነ በኋላ ተናግረዋል። የሳምንቱ ጉዳይ የዓመታት የሆነው እዚህ ጋ ነው።

መቼም ደጅ ላይ መቆም ሲወራ ቀላል ነው። የደብሊን ዝናብና ብርድ አለ። ደመወዝ ቀረ፤ ማኅበሩ በሳምንት 21 ፓውንድ ብቻ ነበር የሚሰጣቸው። ያ ዘመን ደግሞ የአየርላንድ ኢኮኖሚ የደቀቀበት፣ ከመቶ ሠራተኛ 15ና ከዚያ በላይ ሥራ ያጣበት፣ ወጣቱ በየመርከቡ ወደ እንግሊዝ የሚሰደድበት ነው። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን እንደ ዓይኑ ብሌን በሚጠብቅበት ጊዜ፣ በእጁ ያለውን ደመወዝ አይቶት ለማያውቀው አገር ሲል የጣለ ሰው እብድ ነው የሚመስለው። እንደ እብድም አዩአቸው። ደንበኞች እየሰደቧቸው አልፈው ይገቡ ነበር፤ የተፋባቸውም አለ። አብዛኞቹ የመደብሩ ሠራተኞች ሥራቸውን ቀጠሉ። ዕቃ የጫኑ መኪኖች ሲመጡ አንዳንዱ ሾፌር አድማውን አክብሮ ይመለሳል፣ ሌላው ደግሞ ፖሊስ መንገድ ከፍቶለት ይገባል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ምክንያቱም በእነዚያው ወራት እኛም እዚያው ደብሊን ውስጥ ነበርን፣ በቴሌቪዥን መስኮት።

ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ በእነሱ ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ተላለፈ። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ዓለምን አስደነገጠ። የደብሊኑ ልጅ ቦብ ጌልዶፍ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ መጀመሪያ ባንድ ኤይድን፣ በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 13 ደግሞ ላይቭ ኤይድን አዘጋጀ። አየርላንድ በዚያ ድህነቷ ላይ ሆና በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከማንም አገር በላይ ሰጥታለች ይባላል። ይህን ውለታ አቅልዬ አላየውም። ሰዎቹ ረሃብን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ታሪክ አድርገው ያውቁታል፤ እነሱም በ1840ዎቹ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብ አጥተዋል።

ግን እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ክረምት፣ ለአፍሪካ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ይመሰገናል። ለአፍሪካ ብሎ ግሬፕፍሩት አልሸጥም ያለ ሰው ይሰደባል። ያው አፍሪካ ነው፣ ያው የደብሊን ሕዝብ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው ማንንም አይነካም። ሰጪው ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሱቁ ይሸጣል፣ መንግሥት ይነግዳል። ሁለተኛው ግን ባለሱቁን፣ አስመጪውን፣ ሚኒስትሩን፣ ፍሬዋን ለቁርስ የለመደውን ደንበኛ ሁሉ በአንድ ላይ ይጠይቃል፤ እናንተስ በዚህ ነገር ውስጥ እጃችሁ የለበትም ወይ ይላል። ይህን ጥያቄ ሰው አይወድም። እርዳታና አጋርነት የሚለያዩት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ የረሃቡ ዕለት ኮረም ላይ የነበረ ሰው ስንዴ እንጂ አድማ አይፈልግም ነበር። ግን አንዱን በሌላው ስም መጥራት አይገባም።

ስለ አፓርታይድ እዚህ ብዙ አልጽፍም፣ አንባቢ ያውቀዋል። ኢትዮጵያ በጉዳዩ የነበራትን ቦታ ግን ጠቅሼ ልለፍ። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ላይ ከሰሷት። ስድስት ዓመት ተጓቶ፣ የዳኞቹ ድምፅ 7 ለ7 ተከፍሎ፣ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ወደቀ፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ መብት የላቸውም ተባለ። በ1962 ደግሞ ማንዴላ አዲስ አበባ መጥተው፣ ኮልፌ ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጋር የወታደር ሥልጠና ወስደዋል፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ካሠለጠኗቸው አንዱ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም ጠመንጃውም ተሞክሯል ለማለት ነው። የካሸር ሴቶቹ መንገድ ሦስተኛው ነው፤ የንግዱን ክር ከወዲያኛው ጫፍ ይዞ መጎተት።

አድማው ብዙ ወር ሲቆይ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። የለወጠው የዲሴምበር 1984 አጋጣሚ ነው። ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የኖቤል የሰላም ሽልማታቸውን ሊቀበሉ ወደ ኦስሎ ሲያልፉ ለንደን ላይ አድመኞቹን አገኟቸው። አመሰገኗቸው፤ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ ብለውም ጋበዟቸው። ከዚያ በኋላ የአየርላንድ ጋዜጦች ጉዳዩ የሱቅ ጠብ እንዳልሆነ ገባቸው። እስከዚያ ድረስ ዝም ያሉ ፖለቲከኞችም ደጅ ላይ ብቅ ማለት ጀመሩ። (ኖቤል የተሸለመ ሰው ካላመሰገነው የማይታይ ነገር መኖሩ ያናድዳል፣ ግን ዓለም እንዲህ ነች።)

ግብዣውን ተቀብለው በጁላይ 1985 ወደ ጆሃንስበርግ በረሩ። ያን ሰሞን ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የላይቭ ኤይድ መድረክ እየተሰናዳ ነው። ልጆቹ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ገና ሲወርዱ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ጠበቋቸው። ለሰዓታት ታግተው ቆዩና ወደመጡበት ተመለሱ። የአገሪቱን መሬት ከኤርፖርቱ አልፈው አልረገጡትም። በዚያው ወር የፕሪቶሪያ መንግሥት በብዙ አካባቢዎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ።

ለአደራጅነት ትምህርት ከተፈለገ ይህ ክፍል ሙሉ ቀን ቢያወያይ አያንስም። ጉዞው ከሸፈ፤ ያዩት ነገር የለም፣ ያነጋገሩት ሰው የለም። ግን ቢገቡ ኖሮ ሦስት መስመር ዜና ይሆኑ ነበር። ፕሪቶሪያ አሥር የማይሞሉ የሱፐርማርኬት ሠራተኞችን ፈርታ በጠመንጃ ስትመልስ ግን፣ የፍሬዋን ነገር እንዴት አድርጋ እንደምታየው ራሷ ነገረችን። ደብሊን ሲመለሱ አቀባበሉ ሌላ ነበር። በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት የፀረ አፓርታይድ ልዩ ኮሚቴ ፊትም ቀርበው ተናገሩ። ከአንድ ዓመት በፊት ስለ አፓርታይድ በቅጡ የማያውቁ ልጆች!

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም፣ አሰልቺ፣ የኮሚቴና የፓርላማ ጊዜ ነው። ይጎተታል። አድመኞቹ አሁንም ደጅ ላይ ናቸው። ማኅበሩ የገንዘብ ችግር አለበት። መደብሩ አይበገርም። «ማዕቀብ የሚጎዳው ጥቁሮቹን ራሳቸውን ነው» የሚለው ክርክር በየመድረኩ ይነሳል፤ መልሱ ደግሞ ከሴጃኬና ከቱቱ ይመጣል፣ የሚጎዱት ሰዎች ራሳቸው ማዕቀቡን እየጠየቁ ነው የሚል። በዚህ ክርክር ሴቶቹን የሚያሸንፋቸው አልተገኘም፤ የተጎጂው ድምፅ አጠገባቸው ቆሟልና። በመጨረሻ የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካ አትክልትና ፍራፍሬ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ። በኤፕሪል 1987፣ በእኛ ሚያዝያ 1979፣ አድማው አበቃ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አፓርታይድን እነሱ ጣሉት? አይ። ከአየርላንድ ጋር የነበረው ንግድ ለፕሪቶሪያ ትንሽ ነገር ነው። አፓርታይድን የጣለው በዋናነት የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ራሱ ነው፤ በሴፕቴምበር 1984 በቫል አካባቢ የተነሳው አመጽ፣ የማዕድን ሠራተኞቹ፣ ተማሪዎቹ፣ በስደት ያለው ትግል። ከውጭ ደግሞ የባንኮች ብድር መከልከልና የ1986ቱ የአሜሪካ ማዕቀብ ሕግ ከአንድ አገር ፍራፍሬ በላይ ከብደዋል። ይህን ሳንል ጉዳዩን ካጋነንነው ለልጆቹም ውለታ አይሆንም።

ታዲያ ምን ሠራላቸው? ከሁሉ በፊት ጥያቄያቸው ጠባብ ነበር። አፓርታይድ ይውደም ብለው መደብሩ ላይ አልጮኹም፤ መደብሩ አፓርታይድን ማውደም አይችልም። ያሉት ይህን ፍሬ በእጃችን አናሻግርም ነው። እሱን መደብሩ በአንድ ቀን ሊፈቅደው ይችል ነበር። አለመፍቀዱ ነው ትንሹን ነገር ትልቅ ያደረገው፤ አሠሪው ያን ቀን ማኒንግን «እሺ፣ ሌላ ሰው ይቀበላል» ብሎ ቢተዋት ዛሬ እኔም አልጽፍም እናንተም አታነቡም። የእልኸኛ ተቃዋሚ ዋጋ ሁልጊዜ ይረሳል።

ሌላው፣ የያዙት ቦታ የራሳቸው ነበር። ተማሪም፣ ደራሲም፣ ጳጳስም ካሸሩ ላይ አልተቀመጠም። እዚያ የተቀመጡት እነሱ ናቸው፤ ዕቃው ማለፍ ያለበት በእነሱ እጅ ነው። ዓመታት ሙሉ በካደር አስማል የሚመራው የአየርላንድ ፀረ አፓርታይድ ንቅናቄ አትግዙ እያለ ቀስቅሷል፣ አስፈላጊ ሥራ ነው። በ1981 ግን የአየርላንድ ራግቢ ቡድን ያን ሁሉ ተቃውሞ እየሰማ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቷል። የሚለምን ሰውና የሚያቆም ሰው እኩል አይሰማም።

ማኅበሩም ሊረሳ አይገባም። ያለ ማኅበር ማኒንግ አንድ የተባረረች ካሸር ነች። 21 ፓውንድ ትንሽ ብትሆንም በየሳምንቱ መምጣቷ ነው ሦስት ክረምት ያሻገራቸው። ዛሬ ድንበር ተሻጋሪ አጋርነት ሲባል በአንድ ምሽት ሚሊዮን ሰው ምስል ይለዋውጣል፣ በሳምንቱ ይረሳል። ወጣቶቹ ሰንፈው አይደለም። ከኋላቸው በየሳምንቱ የሚከፍል፣ ጠበቃ የሚያቆም፣ ደክሞኛል ሲሉ ተተኪ የሚያስቆም ነገር ስለሌለ ነው።

ይህን ሳስብ ቤይሩት ትዝ ትለኛለች። በሰኔ 2020 (በአውሮፓውያኑ) አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ፣ እህቶቻችን አስፋልት ላይ ሲያድሩ፣ መጀመሪያ ከደረሱት አንዱ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው በቤት ሠራተኞች ራሳቸው በ2017 የተመሠረተ ማኅበር ነበር። የከፋላን ሥርዓት፣ ማለትም የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረውን አሠራር፣ የሚቃወሙ ሊባኖሳውያን ወጣቶችም አብረው ሠርተዋል። ምግብ፣ መጠለያ፣ የመመለሻ ትኬት፤ ብዙ ተደረገ። ከፋላው ግን አልፈረሰም። በደብሊኑ መነጽር ሳየው የሚጎድለው ሴጃኬ አይደለም፤ ሴጃኬዎቹ ሞልተዋል፣ ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። የሚጎድሉት ካሸሮቹ ናቸው። የሠራተኛዋን ፓስፖርት ለአሠሪ አሳልፎ የሚሰጠው የኤጀንሲ ጸሐፊ፣ ውሉን የሚያትመው፣ ኤርፖርት ላይ ሴቶቹን ለብቻ የሚያሰልፈው ሠራተኛ፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥሩ ተደራጅተው አንሠራም ቢሉስ? ላይሆን ይችላል። ሊባኖስ ውስጥ የሠራተኛው ጉልበት የደብሊኑን ያህል አይደለም፣ ኢኮኖሚውም ወድቋል። ቢሆንም ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ለእነዚህ ሰዎች ጭምር ነው እንጂ ለኤምባሲ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያለው የሰንሰለቱ ጫፍም ሳይረሳ።

ወደ ልጆቹ ልመለስና ልጨርስ። ድሉ ሲመጣ ሥራ ይዞ አልመጣም። ማኒንግ አገሯ ውስጥ ሥራ የሚሰጣት አጥታ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደች፤ ዓመታት ቆይታ ነው የተመለሰችው። ማንዴላ ከእስር በወጡ በወራት ውስጥ፣ ጁላይ 1 ቀን 1990 ደብሊን መጡ። የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድንም ከጣሊያኑ ዓለም ዋንጫ የተመለሰው በዚያው ቀን ነበርና ከተማው በሰው ተጥለቅልቋል። ከአድማው ተሳታፊዎች ጋር ተገናኙ፤ እስር ቤት ሆነው ወሬያቸው ይደርሳቸው እንደነበር፣ ብርታትም እንደሆናቸው ነገሯቸው። በኋላም ለመታሰቢያቸው ሰሌዳ ተሠራ። በ2013 ማንዴላ ሲሞቱ ማኒንግ ለቀብሩ ደቡብ አፍሪካ ሄደች፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም ከኤርፖርት አልመለሳትም።